ለሾፌርነት ሥራ የሚቀርብ የሥራ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ከደጀን ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው የዓባይን በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ እዚህ ቁልቁለት ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ መኪናውን በሞተሩ ኃይል ይዞ መውረድ አለበት። ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ፍሬኑ ያልያዘ መኪና ምን እንደሚሆን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ አንድ የመኪና ባለቤት ሾፌር ሲቀጥር የሚያስበው ይህንን ነው። መኪናውን፣ የሰው እህልና የሰው ሕይወት ለሌላ ሰው አደራ ይሰጣል። ያንን ሰው ግን አያውቀውም። ሲነዳ አላየውም። በመጀመሪያው ቀን የሚያየው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ደህና ከሆነ ሰውየውን ይጠራዋል። ወረቀቱ ግራ ከገባው ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ጥሩ የሚነዳ ሰው ወረቀቱ ስላልተናገረለት ብቻ ቤቱ ይቀመጣል።

በትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። “ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ሥራ ሲጠይቅ ‘ሲቪ አምጣ’ ይሉታል። ለመሆኑ ሲቪ ምንድን ነው?” ይላሉ ወላጆች። ዛሬ ስለዚህ ወረቀት እንጽፋለን። እናንተ ራሳችሁ ሾፌር ብትሆኑ፣ ወይም የሾፌር አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል።

ሲቪ ማለት ምን ማለት ነው?

ሲቪ “ካሪኩለም ቪቴ” ከሚሉት የላቲን ቃላት በአጭሩ የተወሰደ ነው። ትርጉሙ “የሕይወት ጉዞ” ማለት ነው። በአማርኛ “የሕይወት ታሪክ” ወይም “የሥራ ታሪክ” እንለዋለን። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደተማራችሁ፣ የት እንደሠራችሁ በአጭሩ የሚናገር ወረቀት ነው።

ሲቪና ማመልከቻ አንድ አይደሉም። ማመልከቻ ጥያቄ ነው። “እዚህ ቦታ ላይ ልቀጠር” ብሎ ይጠይቃል። ሲቪ ማስረጃ ነው። “ይህን ሥራ እችላለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ይህን ሠርቻለሁ” ብሎ ያስረዳል። ስለዚህ በሲቪ ላይ “ልጆቼ ተርበዋል፣ እባካችሁ እርዱኝ” ብሎ መጻፍ አይገባም። ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ችግር መኪና አይነዳም። ቀጣሪው የሚፈልገው ችሎታችሁን ነው።

ይህ አሠራር ዛሬ የመጣ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሚባል የታወቀ ጣሊያናዊ ሠዓሊና መሐንዲስ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1482 ገደማ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ደብዳቤ አዘጋጀ። ሊዮናርዶ ትልቅ ሠዓሊ ነው። ደብዳቤው ላይ ግን በሥዕል አልጀመረም። ገዥው የሚያስፈልገው የጦር መሣሪያና ድልድይ መሆኑን አውቆ ነበር። ስለዚህ የሚችለውን በ10 ተራ ቁጥር ዘረዘረ። በመጀመሪያው ተራ ቁጥር ላይ ቀላልና ጠንካራ፣ ለመሸከም የሚመች ድልድይ መሥራት እንደሚችል ገለጸ። ሥዕል እንደሚችል የጠቀሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የምንችለውን ሁሉ ሳይሆን ቀጣሪው የሚፈልገውን አስቀድመን እንጽፋለን። ሁለተኛ፣ በተራ በተራ እንጽፋለን።

ቀጣሪው በልቡ የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

የጭነት መኪና ባለቤት ይሁን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ፋብሪካ ይሁን፣ ሾፌር የሚቀጥር ሁሉ ሦስት ጥያቄ አለው።

1ኛ፦ ይህ ሰው ይህንን መኪና ለመንዳት ሕጋዊ ፈቃድ አለው ወይ?

2ኛ፦ መኪናውንና መንገዱን ያውቃል ወይ?

3ኛ፦ ይታመናል ወይ?

ጥሩ የሥራ ታሪክ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይመልሳል። ከዚያ በላይ ብዙ ማለት አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ይበቃል። አሁን እያንዳንዱን መስመር እንመልከት።

ስም

ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት ጻፉ። እዚህ ላይ ፊደል ያስፈልጋል። ፊደል ስንማር ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው አይተናል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። “ኃይሉ” ብሎ የሚጽፍ አለ፤ “ሀይሉ” ብሎ የሚጽፍም አለ። ሲነበብ አንድ ነው። በቢሮ ግን ወረቀትና ወረቀት ሲመሳከር “ይህ የሌላ ሰው ስም ነው” ሊባል ይችላል። ስለዚህ በመንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። በሥራ ታሪኩም ላይ እንደዚያው አድርጋችሁ ጻፉ።

አድራሻና ስልክ

የምትኖሩበትን ወረዳና ቀበሌ ጻፉ። ስልክ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ቁጠሩት። አንድ ቁጥር ከጎደለ ቀጣሪው ሊያገኛችሁ አይችልም። ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነ “የወንድሜ ስልክ” ብላችሁ ጻፉ።

የመታወቂያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በሲቪ ላይ አይጻፍም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ደላላም ሊያየው ይችላል። መታወቂያችሁን ቀጣሪው ሲጠይቅ በእጃችሁ ታሳያላችሁ።

መንጃ ፈቃድ

ይህ ከሁሉ በላይ ነው፤ ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ ይምጣ። በሕግ ስሙ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ነው። የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ፈቃዱ በዓይነት የተከፈለ ነው። የሞተር ሳይክል አለ፣ የባለሦስት እግር አለ፣ የአውቶሞቢል አለ። ሰው ለሚጭን የሕዝብ፣ እህልና ሲሚንቶ ለመሰለው ጭነት የደረቅ፣ ነዳጅ ለሚጭን የፈሳሽ ፈቃድ አለ።

ቀድሞ ፈቃዱ በደረጃ ቁጥር ይጠራ ስለነበር ዛሬም “ሦስተኛ አለኝ”፣ “አምስተኛ አለኝ” የሚሉ ሰዎች አሉ። በወረቀት ላይ ግን እንደ አፍ ልማድ አይጻፍም። ፈቃዱ ላይ የሰፈረውን ዓይነት፣ የወጣበትን ቀንና የሚያበቃበትን ቀን ገልብጡ። ቀኑ አልፎ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሱት። “መንጃ ፈቃድ አለኝ” ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። የባጃጅ ፈቃድ ያለው ሰውም “መንጃ ፈቃድ አለኝ” ይላል እኮ!

የሥራ ልምድ

ከቅርቡ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ጻፉ። አምና የነበራችሁበት ይቅደም፤ ከ10 ዓመት በፊት የነበራችሁበት ይከተል። በእያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይግባ። ከመቼ እስከ መቼ፣ ለማን፣ በምን መኪና፣ በየት መንገድ።

መንገዱን መጻፍ በእኛ አገር ትልቅ ጥቅም አለው። ደጀን የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንዱ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። አንዱ ደግሞ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። “ከቢቸና አዲስ አበባ እህል በረንዳ ድረስ ጤፍ ስጭን ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ” ብሎ የጻፈ ሰው ብዙ ነገር ተናግሯል። ባለቤቱ ይህን ሲያነብ “ዓባይን ያውቃል፤ የአዲስ አበባን ጭንቅንቅም ያውቃል” ብሎ ይገነዘባል።

ረዳት ሆናችሁ የሠራችሁበትንም ጻፉት፤ አትፈሩ። ጎማ የፈታ፣ ክሪክ የሰቀለ፣ ሸራ ያሰረ፣ ሌሊት ጭነት የጠበቀ ሰው መኪና ያውቃል። ነገር ግን “ረዳት” ብላችሁ ጻፉ። የረዳትነትን ዓመት ከሾፌርነት ዓመት ጋር አትደምሩ።

ዓመተ ምሕረቱን በአንድ አቆጣጠር ጻፉ። የእኛና የአውሮፓ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያሉ። በእኛ የምትጽፉ ከሆነ “ዓ.ም.” በሉ። በውጭ ድርጅት ውስጥ የምታመለክቱ ከሆነ በእነርሱ አድርጋችሁ “እ.ኤ.አ.” የሚል ጨምሩ። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ሳይወለድ መኪና የነዳ ሊመስል ይችላል።

ሌላ ሙያ

ጎማ መቀየር፣ ዘይትና ውኃ መመልከት፣ ጥቃቅን ብልሽት ማስተካከል ከቻላችሁ ጻፉ። የጭነት ደረሰኝ አንብባችሁ ኩንታል ቆጥራችሁ መረከብ ከቻላችሁም ጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። የሚያነብና የሚጽፍ ሾፌር ለባለቤቱ ግማሽ ሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ጥፋትና አደጋ

“አደጋ አድርሼ ከሆነስ ምን ልጻፍ?” የሚል ይኖራል። አደጋ አድርሳችሁ የማታውቁ ከሆነ “እስካሁን አደጋ አላደረስኩም” ብላችሁ ጻፉ። ትልቅ ምስክር ነው። አድርሳችሁ ከሆነ ግን “አላደረስኩም” ብላችሁ አትጻፉ። በአጭሩ ዓመቱንና የደረሰውን ግለጹ፤ ወይም መስመሩን ትታችሁ ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። የአሽከርካሪ ጥፋት ተመዝግቦ የሚቀመጥ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ጥፋት በነጥብ እንዲመዘገብ አድርጎ ነበር። ከዚህም በላይ ሾፌር ከሾፌር ይተዋወቃል። ደጀን ላይ የተሸሸገ ነገር ሞጣ ላይ ይወራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ስለ እናንተ የሚመሰክሩ ሰዎች

በመጨረሻ ስለ ሥራችሁ የሚያውቁ የሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ጻፉ። የቀድሞ አሠሪ ቢሆን ይመረጣል። ዘመድ አይሁን። ስማቸውን ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቋቸው። ሳያውቁ ስልክ ቢደወልላቸው “ማን ነው እሱ?” ሊሉ ይችላሉ።

ሁለት ወረቀቶች

አሁን ለምሳሌ ያህል ሁለት ሾፌሮችን እንውሰድ። ሁለቱም ለአንድ የአይሱዙ ባለቤት ወረቀት አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ሾፌር እንዲህ ጽፏል።

“እኔ በሾፌርነት ሙያ የረጅም ጊዜና ከፍተኛ ልምድ ያለኝ፣ ማንኛውንም መኪና በማንኛውም መንገድ የምነዳ፣ ታታሪ፣ ታማኝና ሥራ ወዳድ ሰው ነኝ።”

ባለቤቱ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። ከዚያም ጠየቁ።

“ረጅም ጊዜ ይላል። ስንት ዓመት ነዳህ?”

“ኧረ ጋሼ፣ ቆየሁ እኮ!”

“በምን መኪና?”

“ያልነዳሁት መኪና የለም።”

“ማን ዘንድ ሠራህ?”

“ብዙ ቦታ ነው ጋሼ፤ የቱን ልጥራልዎት?”

ይህ ሰው ምናልባት ጎበዝ ሾፌር ይሆናል። ወረቀቱ ግን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሥራ ወዳድ የሚሉት ቃላት ማንም ሰው የሚጽፋቸው ናቸው። ሌባም “ታማኝ ነኝ” ብሎ ይጽፋል። ቃሉን የሚያስመሰክረው ሥራው ነው።

ሁለተኛው ሾፌር የጻፈው አጭር ነው። የፈቃዱን ዓይነት ጽፏል። አራት ዓመት ረዳት፣ አምስት ዓመት ሾፌር እንደነበረ ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፏል። አንድ ቀላል ግጭትም ጽፏል። ባለቤቱ ጠየቁት።

“ዓባይን እንዴት ነው የምትወርደው?”

“ጋሼ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ ጎማና ፍሬን አያለሁ። ከዚያ ማርሽ ቀንሼ እይዛለሁ። እንደ ጭነቱ ነው። ቁልቁለቱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ማርሽ ፍለጋ የለም።”

“ይቺ ግጭት ምንድን ናት?”

“በ2014 ዓ.ም. ነው። ወደ ኋላ ስመለስ የቆመ መኪና ነካሁ። ሰው አልተጎዳም። ባለቤቱ ኢንሹራንስ አሠርቶለታል። ከዚያ ወዲህ ረዳቱን ከኋላ ሳላቆም አልመለስም።”

ባለቤቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለመጀመሪያው ወረቀት ምን እንዳደረጉት እናንተ ገምቱ።

ልዩነቱን አያችሁ? የሁለተኛው ሰው ወረቀት እያንዳንዱ መስመር የሚጠየቅና የሚጣራ ነው። “ከመቼ? ለማን? በምን?” ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አለው። የጥሩ የሥራ ታሪክ ዋና ምልክት ይህ ነው። ልትመልሱት የማትችሉትን መስመር አትጻፉ።

ማስረጃው ከየት ይመጣል?

በወረቀት የጻፋችሁትን በማስረጃ ማስደገፍ ይጠቅማል። ብዙ ሾፌሮች ለአንድ ሰው ሦስት ዓመት ይሠሩና ያለ ምንም ወረቀት ይለያያሉ። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይባላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ያስገድደዋል። የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። በዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይሰፍራል። ሠራተኛው ምን ዓይነት ሥራ ይሠራ እንደነበር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራና ምን ያህል ደመወዝ ያገኝ እንደነበር ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። ስለዚህ ከሥራ ስትለቁ ተጣልታችሁም ቢሆን “የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ጻፉልኝ” በሉ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ። ስትቀበሉም እዚያው ቁማችሁ አንብቡት። ስማችሁ፣ ቀኑ፣ ፊርማው ትክክል መሆኑን እዩ።

ሌላ ሰው ሲጽፍላችሁ

የመጻፍ ልምዳችሁ ገና ከሆነ ሌላ ሰው ይጽፍላችሁ ይሆናል። ድሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬም አሉ። አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር የሚጽፉ ሱቆች አሉ። በዚህ ምንም ነውር የለበትም። የሊዮናርዶም ደብዳቤ እስከ ዛሬ የቆየው ረቂቅ በራሱ እጅ የተጻፈ አይደለም ይባላል።

አደጋው ሌላ ነው። የሚጽፈው ሰው “ላሳምርልህ” ብሎ የሌለ ነገር ሊጨምር ይችላል። ሁለት ዓመት ስትሉት አምስት ዓመት ይጽፋል። “አውቶሞቢል” ስትሉት “ከባድ መኪና” ይላል። ወይም ከሌላ ሰው ወረቀት ገልብጦ የሌላውን ሰው ሥራ በእናንተ ስም ያስቀምጣል። ቀጣሪው ሲያጣራ ውሸታም የሚባለው ጸሐፊው አይደለም። እናንተ ናችሁ። ይባስ ብሎ ቀጣሪው ካመነ፣ በባጃጅ ልምድ ከባድ መኪና ይዞ ዓባይ በረሃ መግባት ይመጣል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ነፍስ ነው።

እዚህ ላይ ማንበብ መቻላችሁ ሥራ ይሥራ። የተጻፈላችሁን ወረቀት ውሰዱ። ከሰው ፈቀቅ በሉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል “ይህ ምን ማለት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። እውነት ያልሆነውን አስርዙ። “ተውት፣ ምንም አይደል” ቢላችሁ አትተዉት። የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው በአማርኛ ያንብብላችሁ። የጻፈው ሰው ራሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን። በተለይ ወደ ውጭ አገር ለሾፌርነት እልካለሁ የሚል ደላላ የሚያመጣውን ወረቀት ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ።

ሕጉም በዚህ ላይ የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ማንበብ ለማይችል ሰው ተጠንቅቋል። የእርሱ ፊርማ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስረውም። አሁን ግን እናንተ ታነባላችሁ። የሚያነብ ሰው ፈርሞ ሲያበቃ “ምን እንዳለበት አላወቅሁም” ቢል ማን ይሰማዋል? ማንበብ መብት ያመጣል፤ ኃላፊነትም ያመጣል።

የተያዥ ነገር

ለሾፌር ሥራ ብዙ ጊዜ “ተያዥ አምጣ” ይባላል። ተያዥ ማለት ሾፌሩ ጥፋት ቢያጠፋ ወይም ንብረት ቢያጎድል ልክፈል ብሎ የሚፈርም ዋስ ነው። የወንድም ልጅ “አጎቴ፣ ተያዥ ሁነኝ” ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። ደግሞም መረዳዳት የአገር ወግ ነው።

ነገር ግን ስትፈርሙ አንድ ቁጥር ፈልጉ። በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚከፍለውን ከፍተኛውን የገንዘብ ልክ ካልገለጸ አይጸናም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ “እስከ ይህን ያህል ብር” የሚል መኖሩን እዩ። በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ “በኋላ እንሞላዋለን” ከተባላችሁ አትፈርሙ። ባዶ ቦታ በኋላ በማን እጅ እንደሚሞላ አይታወቅም። የአጎቱ በሬ በዚያ ባዶ ቦታ ሊነዳ ይችላል።

ምሳሌ

ከዚህ በታች ያለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ነው። ነጥብ ባለበት ቦታ የራሳችሁን ጻፉ።

የሥራ ታሪክ

ስም ከነአያት፦ ....................
የትውልድ ዘመን፦ 1985 ዓ.ም.
አድራሻ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ደጀን ወረዳ፣ ቀበሌ ..........
ስልክ፦ ....................

መንጃ ፈቃድ፦ ደረቅ 2። የወጣበት ቀን ..........። የሚያበቃበት ቀን ..........።

የሥራ ልምድ፦
ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም.፦ ለአቶ ..........፣ የአይሱዙ ሾፌር። ከቢቸና አዲስ አበባ ጤፍ መጫን።
ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም.፦ ለወይዘሮ ..........፣ የአይሱዙ ሾፌር። ከደጀን ሞጣና ባሕር ዳር ልዩ ልዩ ሸቀጥ መጫን።
ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም.፦ ለአቶ ..........፣ የጭነት መኪና ረዳት። ከደጀን ደብረ ማርቆስ።

ሌላ ሙያ፦ ጎማ መቀየር፣ ዘይትና ውኃ መመልከት፣ ጭነት ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ።

አደጋ፦ በ2014 ዓ.ም. ቀላል ግጭት። የሰው ጉዳት የለም።

የሚመሰክሩልኝ ሰዎች፦
1. .................... ስልክ ..........
2. .................... ስልክ ..........

ከዚህ በላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።
ፊርማ .......... ቀን ..........

ይኸው ነው። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

መንጃ ፈቃድ ለሌላችሁ

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ይጠየቃል። የሚጠየቀው እንደ ፈቃዱ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ “ለዚህ ዓይነት ፈቃድ ስንተኛ ክፍል ይጠየቃል?” ብላችሁ ጠይቁ። “ያለ ትምህርት ማስረጃ አወጣላችኋለሁ” የሚል ደላላ ከመጣ የሚሸጥላችሁ ፈቃድ ሳይሆን ክስ ነው። ትምህርቱን ግን አታቋርጡ። እስከዚያው ለረዳትነት፣ ለጥበቃ፣ ለመጋዘን ሥራም ቢሆን የሥራ ታሪክ በዚሁ መንገድ ይጻፋል።

ሴቶችም ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ፈቃድ ያላት ልጅ ካላችሁ ወረቀቷን አብራችሁ አንብቡ። ወረቀት ወንድ ሴት አይልም፤ የሠሩትን ይናገራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አስታውሱ። ወረቀቱ በር ይከፍታል እንጂ መኪና አይነዳም። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ቀናት ባለቤቱ ወረቀቱንና ሰውየውን ያስተያያል። ወረቀቱ እውነት ከሆነ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሾፌሩም በሰላም ይነዳል፤ ባለቤቱም በሰላም ይተኛል፤ ከኋላ የተሳፈረውም በሰላም ይገባል።

ጥያቄዎች

1. ማመልከቻና የሥራ ታሪክ በምን ይለያያሉ?
2. ቀጣሪው በልቡ የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ምን ምን ናቸው?
3. ከሥራ ስትለቁ ከአሠሪው ምን ወረቀት መጠየቅ ትችላላችሁ? በወረቀቱ ላይ ምን ምን ይሰፍራል?
4. ለዘመዳችሁ ተያዥ ስትሆኑ ወረቀቱ ላይ ምን መፈለግ አለባችሁ?
5. ከላይ ባለው ምሳሌ መሠረት የራሳችሁን ወይም የልጃችሁን የሥራ ታሪክ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። “ይህ እውነት ነው?” ብሎ ይጠይቃችሁ።